የምሽት 2 ሰዓት ሰው፦ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢነት በአዲስ አበባ

የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ስሙ ቢጠፋም ፊቱ የማይጠፋ ሰው ነው። ፒያሳ ታክሲ ሲሳፈር ጎኑ የተቀመጠው ተሳፋሪ «የት ነው የማውቅህ?» ይለዋል። ጎረቤት ነው፣ የክፍል ጓደኛ ነው ብሎ ያስባል። ድምፁን ሲሰማ ነው «አሃ!» የሚለው።

ሙያው የመጣው ከሬዲዮ ነው። ሬዲዮ በ1928 ዓ.ም. አቃቂ ላይ ሥራ ጀመረ። ቴሌቪዥን ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ተከፈተ። ስቱዲዮው ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ከአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት አጠገብ ያለው ማለት ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀለም የገባው ከ20 ዓመት በኋላ፣ ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) በተመሠረተበት በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ለረጅም ጊዜ ጣቢያው አንድ ብቻ ስለነበር ዜና አንባቢው የሁሉም ቤት ሰው ነበር። ቴሌቪዥን የሌለውም ጎረቤት ቤት ሄዶ ያየዋል። ዛሬ ኢቢሲ አለ፣ ፋና አለ፣ የከተማው አስተዳደር አዲስ ሚዲያ ኔትወርክ አለ። ሌሎችም አሉ። የምሽት 2 ሰዓት ዜና ግን አሁንም በብዙ ቤት የእራት ሰዓት ማለት ነው።

አብዛኛው አንባቢ በሪፖርተርነት ይጀምራል። መቅረጸ ድምፅ ይዞ ስብሰባ ለስብሰባ ይዞራል፣ ዜና ይጽፋል፣ ኤዲተር ይሰርዝበታል። ከዚያ የድምፅና የካሜራ ፈተና ይመጣል። መልክ ይረዳል፤ ውሸት አያስፈልግም። ግን መልክ ብቻውን ሰው ወንበሩ ላይ ብዙ አያቆይም።

ምክንያቱም አማርኛን ጮክ ብሎ ማንበብ ከባድ ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ፕሮምፕተሩ ላይ፣ ማለትም ጽሑፉን ለአንባቢው የሚያሳየው ስክሪን ላይ፣ «ሚኒስትሩ ችግር አለ አሉ» የሚል ቢመጣ፣ «አለ» መጥበቅ፣ «አሉ» መላላት አለበት። ይህን የሚወስነው የአንባቢው ጭንቅላት ነው፤ ያውም ቃሉ ከስክሪኑ ሳያልፍ። «የድርጅቱ ዋና ኃላፊ» የሚለውን አላልቶ ያነበበ ሰውየውን የመዋኛ ገንዳ ኃላፊ አደረጋቸው ማለት ነው። ጎበዝ አንባቢ ለዚህ ነው ወረቀቱን አስቀድሞ የሚያየው። የሚጠብቀው ፊደል ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ ያደርጋል፣ የሚተነፍስበት ቦታ ላይ ጭረት ያሰምራል። ወረቀቱ ፕሮምፕተር ባለበትም ከእጁ አይለይም። መብራት አለ፣ ኮምፒውተር አለ፤ ሁለቱም ዜናው መሃል ላይ መቆም ይችላሉ።

ቁጥሩም አለ። ከውጭ የመጣ ዜና በፈረንጅ ዓመት ነው የሚመጣው። ወደ እኛ ሲመለስ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለው፤ ሰዓቱ ደግሞ 6 ሰዓት ይለያያል። ሥራው የኤዲተሩ ነው ይባላል። ተመልካቹ ግን ኤዲተሩን አያውቀውም። የሚያውቀው አፍ አንድ ነው።

አክብሮቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ባለሥልጣን የ30 ዓመት ወጣት ቢሆን እንኳ «ገለጹ» ይባልለታል። ዓለምን ያሸነፈች አትሌት ግን «አሸነፈች» ነች። እኔ በግሌ ለአትሌቷም «አሸነፉ» ቢባል ደስ ይለኛል። ምናልባት ጆሮዬ አይለምደው ይሆናል።

ኑሮው እንደ ሱፉ አይደለም። የማለዳ ፈረቃ ያለበት ሰው ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቪስ ይጠብቃል። ፋሲካ ቢሆን፣ እንቁጣጣሽ ቢሆን ዜና አይቀርም። የሀገር ልብሱን ለብሶ ለሕዝቡ መልካም በዓል ይመኛል፤ የራሱ ዶሮ ወጥ ቤት ይጠብቀዋል። ደመወዙን ለመደጎም መድረክ የሚመራ አለ፣ ለማስታወቂያ ድምፁን የሚያከራይ አለ። ይህ ሁለተኛው ያከራክራል፤ ማታ ስለ ገበያው ዋጋ የሚነግርህ ድምፅ ጠዋት ሳሙና ሲሸጥልህ ትንሽ ይከብዳል። ብዙዎች በመጨረሻ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ይሄዳሉ። ባሕር ተሻግረው የአሜሪካ ድምፅ ወይም ቦን ያለው ዶቼ ቬለ የገቡም አሉ።

ስህተት የማይቀር ነው። አንባቢው «ይቅርታ» ብሎ ያስተካክልና ይቀጥላል። ድሮ በዚያው ይረሳል፤ ቢበዛ በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ይሳቅበታል። አሁን አንድ ሰው ስልኩን አንስቶ ከቴሌቪዥኑ ላይ ይቀርጸዋል። አንባቢው ስቱዲዮ ተቀምጦ ገና ወደ ስፖርቱ ሲሸጋገር ቲክቶክ ላይ ቅጽል ስም ወጥቶለታል።