ኤልጎን ተራራ፦ አቀማመጡ፣ ዋሻዎቹና መውጫዎቹ

ኤልጎን ኡጋንዳና ኬንያ የሚዋሰኑበት፣ ከጠፋ ረጅም ዘመን የሆነው እሳተ ገሞራ ነው። በምዕራብ ግርጌው የሚኖሩት ባጊሱዎች ማሳባ ይሉታል። ዕድሜው ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ በጥንት ዘመን ከኪሊማንጃሮ ይበልጥ ነበር የሚሉም አሉ። ዛሬ የሚያስደንቀው ስፋቱ ነው። ግርጌው እስከ 80 ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ተዳፋቱም ዝግ ያለ በመሆኑ ከሩቅ ሲያዩት ከፍታው ያታልላል።

ከፍተኛው ጫፍ ዋጋጋይ (4,321 ሜትር) ኡጋንዳ ውስጥ ነው። የድንበሩ መስመር ሱዴክ በተባለው ጫፍ (4,302 ሜትር) ላይ ያልፋል፤ ኮይቶቦስ (4,222 ሜትር) ኬንያ ውስጥ ይቀራል። ሁሉም የአንድ ሰፊ ካልዴራ (የእሳተ ገሞራው አናት ሲሰምጥ የተፈጠረ ሰፊ ጎድጓዳ) ከንፈር ናቸው። ካልዴራው በምሥራቅ በኩል ተሰንጥቆ የሱዋም ወንዝ ይወጣበታል፤ በዚያው ፍል ውኃ አለ። ሱዋም ለጥቂት ርቀት ድንበር ሆኖ ከሄደ በኋላ ቱርክዌል ተብሎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል፤ የእኛው ኦሞ ከሚያርፍበት ማለት ነው። በምዕራብ የሚወርደው ውኃ ግን በኪዮጋ ሐይቅ በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ይሄዳል።

ዕፅዋቱ ለኢትዮጵያ ደጋ ሰው እንግዳ አይሆኑበትም። ከታች ዝግባና ወይራ፣ በደረቁ የኬንያ ወገን ጽድ፣ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ቀርከሃ፣ ከዚያ ኮሶና አስታ ይከተላሉ። ከ3,500 ሜትር በላይ የጅብራ ዘመዶች ይበቅላሉ። ስሜን ላይ የማይገኘው ግዙፉ ሴኔሲዮ የተባለው ባለ ግንድ ተክል ነው፤ የደረቁ ቅጠሎቹን ሳያራግፍ ግንዱን ከሌሊት ውርጭ ይከላከልባቸዋል።

ኤልጎንን ያስጠሩት ዋሻዎቹ ናቸው። ኪቱም፣ ማኪንጌኒና ሌሎቹም በኬንያ ብሔራዊ ፓርክ (እ.ኤ.አ. በ1968 የተከለለ) ውስጥ ይገኛሉ። ኪቱም ወደ ተራራው 200 ሜትር ያህል ይገባል። ዓለቱ የሶዲየም ጨው ያለበት የእሳተ ገሞራ አመድ ስለሆነ ዝሆኖች ሌሊት በጨለማ በኩምቢያቸው እየዳሰሱ ይገባሉ፤ ግድግዳውን በጥርሳቸው ፈንቅለው ያደቁትና ይበሉታል። የወደቀውን ፍርፋሪ ጎሽና ድኩላ ከብት ቦሌ እንደሚልስ ይልሱታል። ጣሪያው አልፎ አልፎ ይናዳል፤ ውስጥ ባለው ስንጥቅ ገብተው የቀሩ የዝሆን ግልገሎችም ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1987 ኪቱምን ጎብኝተው የነበሩ ሁለት ሰዎች ደም የሚያፈስ ከባድ ትኩሳት በሚያስከትለው ማርበርግ ቫይረስ ታመው ሞተዋል። የቫይረሱ ተሸካሚ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ነው፤ ስለዚህ የሌሊት ወፎቹ ወደሚሰፍሩበት አለመጠጋት፣ ኩሳቸውን አለመንካት፣ ከወጡም በኋላ እጅ መታጠብ ያስፈልጋል።

የምዕራቡ ተዳፋት ዝናብ የሚበዛበትና ሕዝብ የተጠጋጋበት ነው። እዚያ የሚመረተው የቡጊሱ ዐረቢካ ቡና ጥራቱ የታወቀ ነው፤ የዝርያው ምንጭ የት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ችግሩ ግን አፈሩ ጥልቅና ሸክላማ ነው፤ ደኑ ሲመነጠር ሥሩ የያዘው ይለቃል፣ ለቤት መሥሪያ ተዳፋቱ ሲቆረጥ ደግሞ ከሥር መደገፊያ ያጣል። ዝናብ ሲደጋገም ውኃ የጠጣው አፈር ተያይዞ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 2010 በዚሁ ተዳፋት ባለችው ቡዱዳ ላይ የደረሰው ናዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ቀብሯል።

ከኡጋንዳ ለመውጣት አጭሩ «ሳሳ» የተባለው መንገድ ነው፤ ከቡዳዲሪ ከተማ ይነሳል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 1,650 ሜትር ያህል ሽቅብ ስለሚያስኬድ ጉልበት ይፈትናል። በሁለተኛው ቀን 3,500 ሜትር ገደማ ያለው ሙዴ ዋሻ ይታደራል፤ ዋጋጋይ በማግስቱ ደርሶ መልስ ነው። ሌላው የኡጋንዳ መንገድ፣ ፒስዋ፣ ይረዝማል፣ አወጣጡ ግን ቀስ ያለ ነው። በኬንያ በኩል ከቾርሊም በር የሚነሳው የመኪና መንገድ እስከ 3,500 ሜትር ገደማ ያደርሳል። ምቾቱ ራሱ አደጋ አለው፦ ሰውነት ሳይለምድ ከፍታ ላይ ስለሚደረስ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቶሎ ይመጣል። የከፍታ ሕመም ከጀመረ ወደ ላይ መቀጠል ሳይሆን መውረድ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ወራት ይሻላሉ፤ በዝናብ ወራት መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪናም ይያዛል። በአንዱ አገር ወጥቶ በሌላው መውረድ የሚፈልግ መንገደኛ የሁለቱንም ፓርኮች ፈቃድና የኢሚግሬሽን ጉዳዩን ከመነሳቱ በፊት መጨረስ አለበት፤ ጫፉ ላይ ፓስፖርት የሚመታ የለም።