«አየሩ ቢበላሽማ ያፍነኝ ነበር» አትበሉ

ይህን አባባል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስንቴ እንደሰማሁት ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። ተማሪዎቼም በሌላ ቃል ይደግሙታል፦ «ኦክስጅን ሲያንስ ካሮቲድ ቦዲ ያውቃል፣ ቶሎ ቶሎ ያስተነፍሰናል።» ካሮቲድ ቦዲ አንገት ላይ ያለች፣ በኦክስጅን ማነስ የምትነቃ ትንሽ አካል ናት። የአባባሉ ግማሽ እውነት ነው። በሌላው ግማሽ ግን ሰው ከእሳትና ከሞተር በሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ይሞታል።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ላንሳ።

«ካሮቲድ ቦዲ የደም ግፊት ይለካል።» አይለካም። ግፊት የሚለካው ጎረቤቱ ካሮቲድ ሳይነስ ነው። ሁለቱም አንገት ላይ፣ ደም ቅዳው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ስለሆኑ ነው የሚምታቱት።

«ትንፋሽ ስንይዝ የሚያስጨንቀን የኦክስጅን ማነስ ነው።» በአብዛኛው የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ውኃ ውስጥ ከመጥለቃችሁ በፊት ደጋግማችሁ በኃይል አትተንፍሱ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚቀንስ ጭንቀቱ ይዘገያል፤ ኦክስጅኑ ግን እያለቀ ነው። ሳይታወቃችሁ ራሳችሁን ትስታላችሁ።

«ተቀባይ የሚባለው ኦክስጅኑን የሚይዘው ነገር ነው።» ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ኦክስጅን ሲወርድ የካሮቲድ ቦዲ ሕዋስ የፖታሲየም በሮች ይዘጋሉ። የሕዋሱ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፣ ካልሲየም ይገባል፣ ሕዋሱ ኤቲፒ የሚባል መልእክት አድራሽ ኬሚካል ይለቃል። ፒ2ኤክስ የሚባሉት ተቀባዮች ያሉት ነርቩ ጫፍ ላይ ነው፤ የሚይዙትም ኤቲፒውን ነው። ከዚያ ነርቩ ለአንጎል ግንድ ይናገራል። ይህ ሁሉ ሴኮንዶች ቢፈጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ካሮቲድ ቦዲ ደም ውስጥ ስንት ኦክስጅን እንዳለ አይቆጥርም። የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ናት፤ ለመጠኗ የሚደርሳት ደም ግን እጅግ ብዙ ነው። ስለዚህ ደሙ ውስጥ የሟሟው ጥቂት ኦክስጅን ይበቃታል። የምትከታተለውም የእሱን ግፊት ነው። ግፊቱ ከ60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ሲወርድ አጥብቃ ትጮኻለች። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ይህን ግፊት አይነካም። የሚይዘው ደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ያለውን የኦክስጅን ቦታ ነው። አንጎልና ልብ ይራባሉ፣ ካሮቲድ ቦዲ ዝም ትላለች። በከባድ የደም ማነስም እንዲሁ ነው።

አንድ ሰውዬ ሚስቱ ደግፋ አመጣችው። ራስ ምታትና ማስመለስ። ትንፋሹ የተረጋጋ ነው። ጣቱ ላይ ያደረግንለት የኦክስጅን መለኪያ መሣሪያ 98 በመቶ ይላል። ባልደረባዬ ማስታገሻ ሊጽፍለት ብዕሩን አንስቷል። ሚስቱን «አንቺስ ያምሻል?» አልኳት። «ከጠዋት ጀምሮ ራሴን» አለች። ከመኝታቸው አጠገብ ባለው ክፍል ጄኔሬተር ሲሠራ አድሯል። የደም ምርመራው ሁለቱም መመረዛቸውን አሳየ። ሰውዬው ግን «እንዴት ይሆናል? አላፈነኝም እኮ!» እያለ ተከራከረኝ።

ያ 98 ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። የጣት መሣሪያው ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው አይለይም።

እባካችሁ፣ እሳት ወይም ሞተር ያለበት ዝግ ቤት ውስጥ ትንፋሽ እስኪያጥራችሁ አትጠብቁ። ጋዙ ሽታ የለውም። ቤት ውስጥ ያላችሁት አብራችሁ ራስ ምታት ከጀመራችሁ ወዲያው ውጡ፤ ሌላውን በኋላ ታስቡበታላችሁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ማግኘት የምትችሉ መኝታችሁ አጠገብ አድርጉት። ሐኪም ዘንድ ስትደርሱም መጀመሪያ «እሳት ነበር» ወይም «ሞተር ይሠራ ነበር» በሉ። እሱን ካልነገራችሁን እኛም በዚያ 98 ልንሸወድ እንችላለን።