አንደርራይቲንግ ምንድን ነው? ዋስትናውስ ለማን ነው?

«ይሄ ሼር አንደርራይተር አለው፣ ብራችሁ አይጠፋም» የሚል ሰው አሁንም አጋጠመኝ። ይህን አምኖ ያጠራቀመውን የሚያወጣ ሰው ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንደርራይተር ማለት ሼር ለሕዝብ ሲሸጥ ሼሩን ተረክቦ ወይም ወክሎ የሚሸጥ ባንክ ነው፣ ሥራውም አንደርራይቲንግ ይባላል። ግዴታ የሚገባው ሼር ለሚሸጠው ወገን ነው። ለገዢው ስለ ዋጋው ምንም ቃል አልገባም።

የጤፍ ነጋዴን አስቡ። ከገበሬው ጋር ዋጋ ቆርጦ ምርቱን ጠቅልሎ ይወስዳል። በማግስቱ ገበያው ቢወድቅ ኪሳራው የነጋዴው ነው፣ ገበሬው ብሩን ቆጥሮ ቤቱ ገብቷል። ሙሉ ግዴታ የገባ ኢንቨስትመንት ባንክም እንዲሁ ነው፤ ሼሩን በቅናሽ ተረክቦ ለሕዝብ ይሸጣል፣ ልዩነቱ ትርፉ ነው። አሜሪካ ውስጥ መካከለኛ መጠን ባላቸው የመጀመሪያ የሼር ሽያጮች ይህ ልዩነት 7 በመቶ መሆኑ የተለመደ ነው። ሌላው ዓይነት ግን የደላላ ሥራ ነው፦ የቻልኩትን እሸጣለሁ፣ የተረፈው ያንተው ነው። እንግዲህ ከነጋዴው አንድ ኩንታል የገዛ ሰው፣ ሳምንት ቆይቶ ዋጋው ሲወርድ ልዩነቱን ማን ይመልስለታል? ማንም።

ትክክለኛው ፈተና የታየው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በነዳጅ ኩባንያው ቢፒ የቀረውን ድርሻ ለመሸጥ በኦክቶበር አጋማሽ ለአንድ ሼር 330 ፔንስ (3.30 ፓውንድ) ዋጋ ቆረጠ፣ አንደርራይተሮቹም ፈረሙ። ኦክቶበር 19 የዓለም ገበያ ተናደ። ሽያጩ እንዲቆም ቢወተውቱም የገንዘብ ሚኒስትሩ ናይጀል ሎውሰን እሺ አላለም። ባንኮቹ ፈላጊ ያጣ ሼር ታቅፈው ከባድ ኪሳራ ገባቸው፣ መንግሥት ግን ሽያጩን ፈጸመ። ቀድሞ የቢፒ ሼር ይዞ ለነበረው ተራ ሰው ግን ማንም ኪሳራውን አልከፈለለትም።

ዛሬ እንዲህ ያለ አደጋ ብዙም አያጋጥምም። ባንኩ ቀድሞ ትላልቅ ገዢዎችን ዞሮ ፍላጎታቸውን ይሰበስባል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርመው ሼሩ ገበያ ላይ መገበያየት ሊጀምር አንድ ሌሊት ሲቀረው ነው፣ ውሉም መውጫ አንቀጽ አለው።

«አንደርራይተሩ ዋጋውን ይደግፋል እኮ» የሚለኝም አይጠፋም። ዋጋው ሲወርድ ሼሩን እየገዛ ይደግፋል፣ ሕግ በፈቀደው ልክና ለአጭር ጊዜ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2012 ሼሩ በ38 ዶላር ለገበያ ሲወጣ የመጀመሪያውን ቀን ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ዘጋ፤ አራት ወር ሳይሞላ ከ18 ዶላር በታች ወርዶ ነበር።

ወደኛ ስንመጣ፣ ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን ሼር እያንዳንዱን በ300 ብር አቅርቦ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። የተረፈውን ሙሉ ግዴታ የገባ አንደርራይተር ቢኖር ይወስደው ነበር። ቴሌ እየሠራ ያለ ኩባንያ ስለሆነ ይህ አላቆመውም። ገና ፋብሪካ ሊተክል ሼር የሚሸጥ ኩባንያ ግን ከሚፈልገው አንድ አሥረኛውን ብቻ ቢሰበስብ፣ የገዛችሁት ሼር የጅምር ግንባታ ሼር ይሆናል። ስለዚህ በሽያጭ መግለጫው ላይ የአንደርራይተሩን ስም አይታችሁ አትለፉ። ግዴታው ሙሉ ነው ወይስ እስከቻለው ድረስ? ዝቅተኛው መጠን ካልሞላ ብሩ ለገዢዎች ይመለሳል የሚል አንቀጽስ አለው?