ግለሰብ ተኮር እና ቡድን ተኮር ማኅበረሰቦች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወሬው ሲነሳ ግለሰብ ተኮሩ ሕዝብ «ራስ ወዳድ»፣ ቡድን ተኮሩ ማለትም ሰው ራሱን ከቤተሰቡና ከወገኑ ጋር አስተሳስሮ የሚያይበት ደግሞ «እርስ በርስ የሚተሳሰብ» ይባላል። እንዲህ ያለው ፍረጃ ሁለቱንም ይበድላል።

«ግለሰብ ተኮር ሰው ለሌላው ግድ የለውም»

ግለሰብ ተኮርነት ሰው ራሱን በምርጫውና በሐሳቡ መግለጹ ነው፤ ከልብ ደንዳናነት ጋር አይገናኝም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የ152 አገሮች ንጽጽር እንዳሳየው፣ ለማያውቁት ሰው ደምና ኩላሊት እስከ መስጠት የሚደርስ ልግስና ግለሰባዊነት ከፍ ባለባቸው አገሮች በርከት ይላል።

«ቡድን ተኮር በሆነ ማኅበረሰብ ሁሉም ለሁሉም ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መተሳሰቡ እውነት ነው፤ ግን ለማን? ለቤተሰብ፣ ለዘመድ፣ ለባልንጀራ። ጃፓናዊው ተመራማሪ ቶሺዮ ያማጊሺ በ1994 ባሳተመው ንጽጽር፣ በጥቅሉ ሰውን በማመን አሜሪካውያን ከጃፓናውያን በልጠው ተገኝተዋል። እሱ እንዳስረዳው፣ ትስስሩ በጠበቀበት ቦታ ሰው የሚታመነው ቢያጠፋ የሚጠይቀው ስላለ ነው፤ ባዳ ሲመጣ ያ ዋስትና አይኖርም።

«ዘመድ ሞልቶት ምን ብቸኝነት አለበት?» የሚለውም እዚሁ ይነሳል። ጥናቶች እንዳሳዩት እስያውያን ከአውሮፓ ዝርያ አሜሪካውያን ይልቅ ጭንቀታቸውን ለቅርብ ሰው አውጥተው እርዳታ ከመጠየቅ ይቆጠባሉ። ምክንያቱ ፍቅር ማጣት አይደለም፤ የሚወዱትን ሰው ላለማስጨነቅ፣ ዝምድናውንም ላለማወክ ይሰጋሉ። ስለዚህ በወዳጅ የተከበበ ሰው ዝም ሲል ደህና ነው ብለን አንለፈው።

«አገሩን ካወቅኩ ሰውየውን አወቅኩት»

ሆላንዳዊው ኼርት ሆፍስቴደ ከ1967 እስከ 1973 ከኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ሠራተኞች በተሰበሰበ መጠይቅ ተመሥርቶ ለአገሮች የግለሰባዊነት ነጥብ ሰጠ፤ አሜሪካ 91፣ ጓቲማላ 6። ቁጥሮቹ የአገር አማካይ ናቸው፤ በነጠላ ሰው ላይ እንዳይለጠፉ ራሱ አስጠንቅቋል። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በ2014 ከ1,000 በላይ ቻይናውያን ተማሪዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ሩዝ ከሚበቅልበት ደቡብ የመጡት ስንዴ ከሚዘራበት ሰሜን ከመጡት ይልቅ ወደ ቡድን ተኮርነት አዘንብለዋል። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ምክንያት የሩዝ ማሳ ውኃ በጋራ ካልተያዘ አይሆንም የሚል ነው።

«ባህል አይለወጥም»

የ78 አገሮችን የግማሽ ምዕተ ዓመት መረጃ የመረመረ የ2017 ጥናት፣ በአብዛኞቹ አገሮች ግለሰባዊነት እየጨመረ መምጣቱን አሳይቷል። ጭማሪው ይበልጥ የተያያዘው ከትምህርት፣ ከገቢና ከሥራ ዓይነት መለወጥ ጋር ነው።