የለንደኑ ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ጋለሪው ያለው ከትራፋልጋር አደባባይ ጥቂት ፈንጠር ብሎ፣ ከትልቁ ብሔራዊ ጋለሪ ጀርባ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ግን ለየቅል ናቸው። ትልቁ የሚሰበስበው ምርጥ ሥዕል ነው፣ ይኼኛው ግን ሰው ነው የሚሰበስበው፤ ፖርትሬት ማለት የሰው መልክ ምስል ነውና። አንድ ሥዕል እዚህ የሚገባው ሠዓሊው ስለተጠበበበት ሳይሆን፣ የተሳለው ሰው በብሪታንያ ታሪክ ቦታ ስላለው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ የፊሊፕ ሄንሪ ስታንሆፕ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊም መኳንንትም ነበር። በ1846 ለፓርላማ አቀረበ፣ ሰሚ አላገኘም። በ1852 ደገመው፣ አሁንም አልሆነም። በ1856 የመኳንንቱ ምክር ቤት አባል ሆኖ ሲያነሣው ተሳካለት፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ፈቀዱ፣ 2,000 ፓውንድም ተመደበ። ባለአደራዎቹ ያወጡት ደንብ እስካሁን ያስደንቃል፦ በፖለቲካም በሃይማኖትም ወገን አይለይም፣ ሰውየው ትልቅ ጥፋት ያለበት መሆኑም ብቻውን አያስቀረውም። በዚያ ዘመን እንዲህ ብሎ መጻፍ ቀላል አልነበረም።

የመዝገቡ ቁጥር 1 ሼክስፒር ነው ተብሎ የሚታመነው የቻንዶስ ሥዕል ነው። ሎርድ ኤልስሚር በ1848 ጨረታ ላይ በ355 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) ገዝቶት ኋላ ለጋለሪው ሰጠው። በርግጥ ሼክስፒር ነው ወይ? ጋለሪው ራሱ «ሳይሆን አይቀርም» ከማለት አያልፍም።

በ1859 በዌስትሚኒስተር አንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ለሕዝብ ተከፈተ። ከዚያ ወደ ሳውዝ ኬንሲንግተን፣ በ1885 ደግሞ አጠገቡ እሳት ስለተነሣ ወደ ቤትናል ግሪን ዞረ። ይህን ሁሉ መንከራተት የተሸከመው ጆርጅ ሻርፍ ነው። በ1857 ጸሐፊ ሆኖ ገባ፣ ኋላም ዳይሬክተር ተባለ፣ በየመኳንንቱ ቤት እየዞረ ያየውን ፖርትሬት ሁሉ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በእርሳስ ይነድፍ ነበር። ያሁኑ ሕንፃ በ1896 ሲከፈት ግን እሱም አርክቴክቱ ዩዋን ክሪስቲያንም አልነበሩም፤ ሁለቱም በ1895 ሞተዋል። ያሳዝናል። ገንዘቡን በአብዛኛው የሰጠው ዊሊያም ሄንሪ አሌክሳንደር የተባለ በጎ አድራጊ ነበር።

በ1914 ለሴቶች የመምረጥ መብት ትታገል የነበረች አንዲት ሴት የጸሐፊውን የቶማስ ካርላይልን ሥዕል በሥጋ መክተፊያ ቢላ ቆረጠችው። ካርላይል የጋለሪው ባለአደራ የነበረ ሰው ነው። በዚያው ዓመት የልብ ወለድ ደራሲዎቹ የብሮንቴ እህቶች ሥዕል ተገኘ፤ አየርላንድ ውስጥ ቁም ሣጥን አናት ላይ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። የሳላቸው ወንድማቸው ብራንዌል ነው፣ የራሱን ምስል ግን ከመሃላቸው አጥፍቶታል። እንደ ሥዕል ከታየ ደካማ ነው፣ የታጠፈበት መስመርም ፊት ለፊት ይታያል። ሦስቱን እህቶች አንድ ላይ ያሳየን ግን እሱ ነው፣ ለዚህ ጋለሪ ደግሞ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል!

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስብስቡ ከለንደን ወጥቶ ነበር።

በሕይወት ያለ ሰው፣ ከነገሡትና ከትዳር አጋሮቻቸው በቀር፣ እስከ 1969 በቋሚው ስብስብ አይገባም ነበር። ፎቶግራፍም በደንብ የተከበረው ያኔ አካባቢ ነው፤ በ1968 የፎቶ አንሺው የሴሲል ቢተን ኤግዚቢሽን በሩን ከፈተለት። ዛሬ የፎቶው ብዛት ከ200,000 በላይ ነው። ከቅርቦቹ ጉደኛው ቀራፂው ማርክ ኩዊን በገዛ ደሙ የሠራው የራሱ ጭንቅላት ቅርጽ ነው፤ ደሙ የረጋው በቅዝቃዜ ስለሆነ ከነማቀዝቀዣው ነው የሚቀመጠው።

የእኛም ሰው እዚያ ግድግዳ ላይ ታይቷል። በ2016 በቀረበው የጥቁር ሰዎች ፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ አንዱ ነበር። ከመቅደላ ሲወስዱት ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፉ፣ እሱም በ1879 በዚያው በሰው አገር ሞተ። እንግሊዞቹ አሳደግነው ይላሉ፤ ፊቱን ያየ ይፍረድ።

ጋለሪው በ2020 ተዘግቶ በሰኔ 2023 ታድሶ ተከፈተ። አዲሶቹ የነሐስ በሮች የአርቲስቷ የትሬሲ ኤሚን ሥራ ናቸው፣ 45 የሴት ፊቶች አሉባቸው። በዚያው ዓመት ጆሹዋ ሬይኖልድስ የሳለውን የፖሊኔዥያዊውን (የፓስፊክ ደሴቶች ሰው) የማይን ሥዕል ከአሜሪካው ጌቲ ሙዚየም ጋር በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ገዙ፤ በየተራ ያሳዩታል። መደበኛው መግቢያ በነፃ ነው። መሄድ ያልቻለ ደግሞ ድረ ገጹ ላይ በሰው ስም መፈለግ ይችላል።