ሰው መሰል የነፍሳት ዘር ምንድን ነው?

በሁለት እግሩ የሚቆም፣ የሚናገር፣ መሣሪያ የሚይዝ፣ ግን አካሉም ኑሮውም ከንብ፣ ከጉንዳን፣ ከምስጥ ወይም ከአንበጣ የተቀዳ ምናባዊ ሕዝብ ነው። መኖሪያው በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረገው የሚና ጨዋታ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፦ አራት አምስት ሰው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይቀመጣል። አንዱ የጨዋታው መሪ ነው። ዓለሙን ይተርካል፣ ጭራቆቹን ያንቀሳቅሳል፣ ይዳኛል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። «ገደሉን እወጣለሁ» ይላል አንዱ። ይሳካለት እንደሆነ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወረወራል። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ በኩር ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ሲሆን ፈጣሪዎቹ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያለ ላደገ ሰው ግን ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። ልዩነቱ እዚህ አድማጩም ተረቱ ውስጥ ገብቶ ማበላሸት መቻሉ ነው።

በዚህ ጨዋታ «ዘር» ሲባል የአካል፣ የችሎታ፣ የድክመትና የልማድ ጥቅል ማለት ነው። ነፍሳት የሚመስል ዘር አዲስ ነገር አይደለም። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ራሱ ትሪክሪን የሚባሉ አሉት። የተቀዱት ከማንቲስ ነው፤ የፊት እግሮቿን እንደሚጸልይ ሰው አጥፋ ከምትጠብቀዋ አዳኝ። የጀማሪ ፈጠራ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። አንድ ጎረምሳ ይወሰዳል፣ አንቴና ይለጠፍለታል፣ አረንጓዴ ይቀባል። አፉን ሲከፍት ያው ጎረምሳ ነው። ተጫዋቾችም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይረሱታል።

እኔ የምከተለው መንገድ ሌላ ነው። ከነፍሳት አንድ እውነተኛ ሕግ እወስዳለሁ፣ ሕጉ የሚያመጣውን ጣጣ ሁሉ እቀበላለሁ። ከኃይሉ በፊት ድክመቱን እጽፋለሁ። ተጫዋች የሚወደው ጠንካራ ጭራቅ ሳይሆን ምስጢሩ ሊደረስበት የሚችል ጭራቅ ነው።

ጎጃም ያደገ ሰው ለዚህ ሥራ ጥሬ ዕቃ አያጣም። ማር ቆራጩ ኩበት አጭሶ ወደ ቀፎው ሲጠጋ አይቷል። ጉንዳን እንዳይወጣ ከቀፎው ሥር አመድ ሲነሰነስ አይቷል። ገብረ ጉንዳን ከመጣ ደግሞ ሰው ራሱ ቤቱን ለቆለት እንደሚወጣ ያውቃል። ቆላ የወረደ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የምስጥ ኩይሳ ያገኛል። የውጭ አገር ደራሲ ከመጽሐፍ የሚፈልገውን እኛ ከጓሮ እናመጣዋለን።

ለጓደኞቼ የሠራሁትን ዘር ምሳሌ ላድርግ። ስማቸው ቅርፊቶች ነው። የሚኖሩት ዓባይ በረሃ፣ ከደጀን ቁልቁል ባለው ገደል ዋሻዎች ውስጥ ነው። የወሰድኩት ሕግ ቅርፊት መግፈፍ ነው። ነፍሳት አጥንታቸው ውጭ ነው፤ ካይቲን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠራው ጠንካራ ሽፋን አካላቸውን ይሸከማል። ሽፋኑ ግን አብሯቸው አያድግም። ስለዚህ ሲያድጉ ሰንጥቀውት ይወጣሉ። አዲሱ እስኪጠነክር ድረስ ገላቸው ለስላሳ ነው፤ ማንም ይበላቸዋል። እውነተኞቹ ነፍሳት ክንፍ አብቅለው ከጎለመሱ በኋላ አይገፍፉም ለማለት ይቻላል። የኔዎቹ ግን ዕድሜ ልካቸውን ይገፍፋሉ። ይህችን አንዷን ሕግ ሆን ብዬ ጥሻታለሁ፤ ጨዋታ ነው።

ተጫዋቾቹ ቅርፊቶችን መጀመሪያ ያገኙት በአካል አልነበረም። የጠፋች ፍየል ሲፈልጉ ገደል ሥር የቆመ ሰው አዩ። ጠሩት፣ አልመለሰም። ሲጠጉ ባዶ ነው። ጀርባው ከማጅራቱ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ጣቶቹ ዓለቱን እንደጨበጡ ቀርተዋል። የዓይኑ ሽፋን ሳይቀር አብሮ ተገፏል፤ ብርሃን ያሳልፋል። በስንጥቁ ወደ ውስጥ ሲያዩ ነጫጭ ክሮች ተንጠልጥለዋል። የአየር ቧንቧዎቹ ሽፋን ናቸው። ይህን ሁሉ ከራሴ አላመጣሁትም፤ የፌንጣ ግልፋፊ አንስታችሁ በቅርብ ብታዩ ይኸው ነው። ከተጫዋቾቹ አንዷ ቀና ብላ «ታዲያ የወጣው የታለ?» አለች። እኔ የምፈልገው ይህችን ጥያቄ ነበር።

የወጣው ዋሻ ውስጥ ተጋድሟል፤ ለሦስት ቀን ለስላሳ ነው። አሁን ምርጫው የእነሱ ነው። ሳይጠነክር ይገድሉታል? ወይስ ውኃ አቀብለው ወዳጅ ያደርጉታል? ድክመት በደንብ ከተጻፈ ታሪኩን ራሱ ይጎትተዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመጠን ጉዳይ ነው። የአንድ ፍጥረት ቁመት እጥፍ ሲሆን (ቅርጹ ሳይለወጥ) ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ክብደቱን የሚሸከመው የእግሩ ውፍረት ግን በስፋት አራት እጥፍ ብቻ ነው የሚጨምረው። ጉንዳን ሰው አክላ የማታውቀው አንዱ በዚህ ነው። ሌላው ትንፋሽ ነው። ነፍሳት ሳንባ የላቸውም። አየር የሚገባው በጎናቸው ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲሆን በቧንቧ ቀጥታ እስከ ሥጋቸው ይደርሳል። ይህ ለትንሽ አካል ግሩም ነው፣ ለትልቅ አካል አይበቃም። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሜጋኒውራ የምትባል የውኃ ተርብ መሰል ነፍሳት ነበረች። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርስ ነበር። ብዙ ሳይንቲስቶች ይህን ግዝፈት በዚያ ዘመን አየር ውስጥ ኦክስጅን ከአሁኑ 21 በመቶ በጣም ይበልጥ ከነበረበት ሁኔታ ጋር ያያይዙታል።

«ጨዋታ አይደል እንዴ፣ ፊዚክሱ ይቅርብን» የሚል ይኖራል። ይቅር ይባል፣ ግን በነፃ የመጣ ሀብት መጣል ነው። እኔ ሕጉን ወደ ካርታ ቀየርኩት። ዓባይ ድልድዩ አካባቢ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ግድም ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጮቄ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ቅርፊቶች ሞቃትና ወፍራም አየር ይሻሉ። ስለዚህ በረሃው ውስጥ ነገሥታት ናቸው። ደጀን ላይ ያለከልካሉ። ጮቄ ላይ ውርጩና የአየሩ መሳሳት ተጋግዘው ይጥሏቸዋል። ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ በአንድ ጀምበር የሚታለፉበት አገር ውስጥ ለሚጫወት ሰው ይህ ትልቅ መሣሪያ ነው። ተጫዋቾቹ የሚሸሹበትን አቅጣጫ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል፤ ሽቅብ ነው። ያ ሁሉ ሆኖ ቅርፊቶቹ ባልተለመደ ሁኔታ ወደ ደጋው መውጣት ከጀመሩ፣ ምን አሳደዳቸው? ዘመቻው፣ ማለትም በብዙ ምሽት የሚዘልቀው የጨዋታው ታሪክ፣ ከዚህ ይነሣል።

ከትንፋሹ ሌላም ነገር ይወጣል። ጎበዝ ተጫዋች ከኋላ ሾልኮ አንገት ሊያንቅ ይሞክራል። አይሠራም፤ ትንፋሹ በአንገት አያልፍማ። ጎኑን በጭቃ መድፈን ግን ይሠራል። ይህን ራሱ የደረሰበት ተጫዋች ምሽቱን ሙሉ ሲኩራራ ታዩታላችሁ። ይገባዋል።

ሽታ ላይ ቆም እንበል፤ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። ንብ ስትነድፍ የማስጠንቀቂያ ሽታ ትለቃለች፣ ሽታው ሌሎቹን ይጠራል። ዋነኛው ንጥረ ነገር አይሶአሚል አሲቴት ሲሆን የበሰለ ሙዝ ሙዝ ይሸታል። የኩበቱ ጭስ ከሚጠቅምበት ምክንያት አንዱ ይህን ሽታ ስለሚሸፍነው ነው። ለጨዋታ ይህ የተዘጋጀ ማዕድ ነው። ተጫዋቾቹ አንድ ቅርፊት ያቆስላሉ። መሪው ረጋ ብሎ «ሙዝ ሙዝ ሸተታችሁ» ይላቸዋል። ሙዝ በሌለበት ገደል። አንድ ጊዜ ከቀመሷት በኋላ ቃሏን በሰሙ ቁጥር ወንበራቸው ላይ ይቁነጠነጣሉ።

ንግግራቸውም ከዚሁ ይወለዳል። ዋሸራንና ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ጭራቅ ለዛ ቢስ ሊሆን አይገባም። ቅርፊት በአፉ የሚናገረው ሰሙ ነው፣ በሚለቀው ሽታ የሚናገረው ወርቁ ነው። «እንግዶች ሆይ፣ ግቡ፣ ዕረፉ» ይላል አፉ። ሽታው ደግሞ ለወገኖቹ «በሩን ከኋላቸው ዝጉት» ይላል። ሰው የሚሰማው ሰሙን ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ እንዲህ አድርጉት፦ መሪው ሰሙን ጮክ ብሎ ይናገር። ወርቁን በታጠፈ ወረቀት ላይ ጽፎ ሽታ ለሚለይ ገጸ ባሕርይ ብቻ ያቀብል። ያቺን ወረቀት የያዘ ተጫዋች ፊት ላይ የሚሆነውን ማየት በራሱ ደስ ይላል።

«አውራ የሌለው ንብ፣ አለቃ የሌለው ሕዝብ» ይባላል። ብዙ ጨዋታ ይህን ቃል በቃል ወስዶ «ንግሥቲቱን ግደሉ፣ ሁሉም ይወድቃል» ይላል። የተሰለቸ መንገድ ነው፤ እውነተኛውን ቀፎም አይመስልም። ንግሥቲቱ እንቁላል ትጥላለች፣ በምትለቀው ሽታም ቀፎውን አንድ ታደርጋለች እንጂ ትእዛዝ አትሰጥም። አበባ የት እንዳለ የሚነገረው በሠራተኞቹ ውዝዋዜ ነው። ውዝዋዜውን የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ኖቤል ተሸልሞበታል። ንግሥቲቱ ብትሞት ደግሞ ሠራተኞቹ ከሕፃናቱ ጥቂቶቹን ለይተው በልዩ ምግብ ያሳድጋሉ፣ አዲስ ንግሥት ትወጣለች። ንግሥት ከእንቁላል እስከ ሙሉ ንብነት የሚፈጅባት 16 ቀን ግድም ነው። በኔ ጨዋታ ውስጥ ንግሥቲቱን መግደል ይቻላል። ከዚያ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፤ 16 ቀን አላችሁ። ድል ያሉት ነገር ወደ ጥድፊያ ሲለወጥባቸው ጥሩ ነው።

ማኅበር የማይወድ ፈጣሪ ከንብ ይልቅ አንበጣን ይውሰድ። የበረሃ አንበጣ ብቻውን ሲኖር ሰላማዊና ዓይን አፋር ነው። ብዙዎች ሲጠጋጉና እግር ለእግር ሲነካኩ ግን ጠባያቸው ይለወጣል፣ ውሎ አድሮ ቀለማቸውም። መንጋ የሚሆኑት ያኔ ነው። የነፍሳት ተመራማሪው ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1921 እ.ኤ.አ.፣ ስለ ሌላ የአንበጣ ዝርያ ሲጽፍ፣ ሁለቱ መልኮች የአንድ ፍጥረት መሆናቸውን ገለጸ። ይህ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ የሞራል ጥያቄ ያመጣል። ሰፈሩ ውስጥ አንድ አንበጣ መሰል ሸማኔ አለ እንበል፤ ሁሉ የሚወደው። ዘመዶቹ ሊጠይቁት ሊመጡ ነው። አንድ ሲመጣ ምንም የለም። አሥር ሲመጡስ? ለደረጃዎቹ ስም አትቸገሩ፤ ኩብኩባ፣ ደጎብያ፣ አንበጣ እያላችሁ መሰየም ነው።

ቁጥሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። የቅርፊት መከላከያ 16 ነው፤ አጥቂው በዳይስ ያን ያህል ካልደረሰ አይነካውም። በገፈፈበት ሦስት ቀን 10 ይሆናል። ብርድ ሲይዘው ሁለት ዳይስ ወርውሮ ትንሹን ይወስዳል። ጭስ ውስጥ ወገኑን መጥራት አይችልም። የፈጠራችሁት ዘር አራት እጅ ካለው ተጫዋች ወዲያው «አራት ጎራዴ እይዛለሁ» ማለቱ አይቀርም። ትርፎቹ ሁለት እጆች መብራት፣ ገመድ፣ ጋሻ ይይዛሉ፣ ተጨማሪ ምት ግን አይሰጡም በሉት። ያኮርፋል፣ ይለምዳል።

ጠረጴዛው ላይ አዲስ ተጫዋቾች ካሉ አንድ ሽማግሌ ማር ቆራጭ አስገቡላቸውና ጭሱን በመጀመሪያው ምሽት ያሳያቸው። ነባሮቹ ግን ራሳቸው ይፈልጉት።