የድሮ ጋዜጣ ላይ ቤተሰብ ስንፈልግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ላይ አያቱ አርበኛ ያልነበሩ ሰው ማግኘት ይከብዳል መቼስ፣ እና አሁን አሁን ወጣቱ ዲጂታል በሆኑ የድሮ ጋዜጦች ላይ የአያቱን ስም እየፈለገ ነው፣ ደስ ይላል፣ ችግሩ ብዙው ትንሽ ሞክሮ "ባዶ ነው" ብሎ ይተወዋል።

"የአያቴን ስም ከጻፍኩ ይወጣል"

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። የውጭ ጋዜጣ ላይ ስሙ በፈረንጅ ፊደል እንዴት ተጻፈ? ወልደን እንግሊዞቹ በደብልዩ ሲጀምሩት ጣልያኖቹ በዩ ነው የሚጀምሩት፣ ገብሬ ላይ ደግሞ ከጂ ቀጥለው ኤች ይከታሉ፣ ጎንደር አካባቢ ያለችው የጦር ሜዳ ቁልቋል በር እንኳን እንግሊዝ ጋ በኬ ጣልያን ጋ በሲ ነው የምትገኘው። ከዛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰውየው በስም አይጠሩም፣ "አርበኞች" ተብሎ በጅምላ ይታለፋል፣ ቢጠሩም ፊታውራሪ እገሌ ብቻ፣ የአባት ስም የለም። ስለዚህ ስሙን ትታችሁ በቦታና በቀን ግቡ። የጣልያኑ አዛዥ ጀነራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ህዳር 18/1934 ነው፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 27/1941፣ እና ጎንደር ወይ አዘዞ ብላችሁ የ1941ን መጨረሻ ብቻ አገላብጡ። የፈረንጅ ጋዜጣ ላይ በኛ አቆጣጠር 1934 ብሎ የሚሞላ አለ እኮ! ጣልያን ገና ሳይወረን የነበረውን ዜና ሲያነብ ይውላል።

"ሰርች ላይ ካልመጣ አልተጻፈም"

ኧረ ተዉ። የምትፈልጉት ኮምፒውተር ከፎቶው ላይ ለቅሞ የጻፈውን ነው፣ ህትመቱ ከደበዘዘ ደግሞ የማይሆን ነገር ይጽፋል። በአማርኛማ ባሰ፣ ኃይለን በሀ፣ በሃ፣ በኃ፣ በኀ ሁሉ መሞከር አለባችሁ፣ ሥላሴንም በሁለቱም ሰ። አንዳንዴ ገጹን ከፍቶ በአይን ማንበብ ይቀላል።

"ሁሉም ያስከፍላል"

አያስከፍልም። የአውስትራሊያው የድሮ ጋዜጣ ድረገጽ ትሮቭ ነፃ ነው፣ የ1941 የጎንደር ጦርነት ዜና እዛ ሞልቷል፣ የፈረንሳዩ ጋሊካም ነፃ። የእንግሊዙ ብሪቲሽ ኒውስፔፐር አርካይቭ ነው ሰርች አስደርጎ ገጹ ሲከፈት ብር የሚጠይቀው።

"አዲስ ዘመን ላይ ሁሉም አለ"

አዲስ ዘመን የጀመረው ግንቦት 30/1933 ነው፣ ከዛ በፊት ያለውን ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ላይ ነው የምትፈልጉት፣ እሱም ከ1917 እስከ ወረራው። ሹመት ከሆነ ነጋሪት ጋዜጣን አትርሱ፣ ከ1934 ጀምሮ አለ። ኦንላይን ያጣችሁትን አዲስ አበባ ስትወርዱ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ጠይቁ።

"ጋዜጣ ካለው እውነት ነው"

በወረራው ጊዜ ጣልያን ያሳተመውን አስቡት፣ የኛን አርበኛ "ሽፍታ" ነው የሚለው። እና አያታችሁን ሽፍታ ብሎ ብታገኙት አትደንግጡ፣ ቦታውንና ቀኑን ያዙና ቤት ካሉት ትልልቅ ሰዎች ወሬ ጋ አስተያዩት። ስክሪንሾት ስታነሱ ደግሞ ከላይ ያለውን የጋዜጣውን ስምና ቀን አትቁረጡት፣ በኋላ ከየት እንደመጣ የሚነግራችሁ የለም።